ለየቡ ዳገት የተገዛው ፖምፓ

የቡን አልፈን ከዳገቱ አጋማሽ ስንደርስ መኪናዋ ተንገጫገጨችና ትንፋሽ አጠራት። ነዳጅ ስሰጣት አትቀበልም፣ እግሬን ሳነሳ ትነቃለች፣ መልሼ ስረግጥ ደግሞ ልትጠፋ ትላለች። ከኋላችን ቡና የጫነ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ተጠግቶናል። በቀኝ በኩል የመንገዱ ዳር ያለ ምንም ከለላ ወደ ታች ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጠችው ታናሽ እህቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ ዝም አለች። እሷ ዝም የምትል ሰው አይደለችም፤ ከጅማ ስንነሳ የጀመረችውን ወሬ አጋሮ ስንገባም አትጨርሰውም። ዝምታዋ ከመኪናዋ መንገጫገጭ በላይ አስፈራኝ።

በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትን አናቱ ላይ ደረስንና ዳር ይዤ አቆምኩ። እጄን እንዳታይብኝ ከመሪው ላይ አውርጄ ጭኔ ሥር ደበቅኩት።

"ምን ሆነች?" አለችኝ።

"ምንም፤ ቤንዚኑ ነው።"

"ለሠርጉ ቀንስ?"

"እስከዚያ ይስተካከላል" አልኳት። ዞር ብላ የኋላውን ወንበር አየች፣ ቀጥላ በሩን፣ ቀጥላ እኔን። ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም፤ የራሴ ሐሳብ በቅቶኝ ነበር። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሙሽራው የአጋሮ ልጅ ነው፤ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለው ቤታችን ወስዷት ይህንኑ ዳገት ወጥተው ነው አጋሮ የሚገቡት። መኪናዋ ይህችው ናት፣ ሹፌሩም እኔው ነኝ።

ፈሪ መሆኔን እዚሁ ልናገር። አጎቴ "ይሄ ልጅ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ እንኳ መጀመሪያ መውጫውን አይቶ ነው የሚቀመጥ" እያለ በየድግሱ ያስቅብኛል። ውሸት አይደለም። የጋዝ ሲሊንደራችን ከቤት ውጭ፣ ከግንቡ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ እናቴ በዝናብ እየወጣች እንድትከፍትና እንድትዘጋ የፈረድኩባት እኔ ነኝ። እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለጉብኝት ልትሄድ ስትል የአውቶቡሱን ጎማ አይቼ ከመቀመጫዋ አስነስቼ አወረድኳት። አውቶቡሱ ደህና ሄዶ ደህና ተመለሰ። ለአንድ ወር አላናገረችኝም። የእኔ ዓይነት ሰው ዕዳው ይኼ ነው፤ የፈራው ነገር ሳይደርስ ሲቀር ከንቱ ፈሪ ይባላል እንጂ ማንም አያመሰግነውም።

ሥራዬም አላገዘኝም። ጅማ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ጠርሙስ እጠብቃለሁ፣ ክዳን አጠብቃለሁ፣ "አታሽትቱ" እያልኩ ተማሪ እቆጣለሁ። ቤንዚን ራሱ ሳይሆን ትነቱ እንደሚቀጣጠል፣ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያለበት ድረስ እንደሚደርስ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ የማስረዳው እኔ ነኝ። ስናገረው ተማሪዎቹ ያዛጋሉ፤ እኔን ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ያስፈራኛል።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የስፖርት መኪና ገዛ ለሚለኝ መልስ የለኝም። መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ይሸጣታል ሲባል ላያት ብቻ ሄድኩ። ቀይ ናት፣ ዝቅ ያለች፣ በሯ ሁለት። የኋላ ወንበሯ ላይ ለመግባት የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ አንገት ሰብሮ፣ መሽሎክሎክ ነው። ሮታሪ ሞተር ነው ያላት፤ እንደ ሌላው መኪና ፒስተን ላይና ታች አይልባትም፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ሆዷ ውስጥ ይሽከረከራል። ሲያስነሷት ድምፅዋ ደረቴ ውስጥ ገባ፣ አለቀ። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ማለት ይቻላል፤ የተነካካው አየር ማስገቢያዋና ማርሚታዋ ብቻ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ሰፋ ያለ የጭስ ማውጫ አስገብቶላታል። እኔ በአርባ ነው የምነዳት። ባጃጅ ይቀድመኛል፣ ሹፌሩም አንገቱን አውጥቶ ይስቅብኛል።

የገዛኋት ቀን እህቴ የኮሌጅ ጀማሪ ነበረች። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ለሷ ወንድምም አባትም ነበርኩ ቢባል ይቀላል። የኋላው ወንበር ላይ ተሽሎክሉካ ገባችና ልክ እንደ ሙሽራ እጇን በመስኮት አውለበለበች።

"የሠርጌ ቀን በዚች ነው!"

"በዚች ነው፤ እኔው ነኝ የምነዳሽ" አልኳት። ቀልድ ነበር። ግን ለእጮኛዋ ነገረችው፣ እጮኛዋ ለጓደኞቹ፣ ጓደኞቹ ለአጋሮ። ጥር ሲደርስ ሙሽሪት በቀይዋ መኪና እንደምትመጣ የማያውቅ አጋሮ ውስጥ አልነበረም።

ከዳገቱ በኋላ ለቀናት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስልኬ ላይ ሮታሪ መኪና ያላቸው የየአገሩ ሰዎች የሚጽፉትን አነብ ነበር። ግማሾቹ ማርሚታና አየር ማስገቢያ ብቻ ከተቀየረ የፋብሪካው የነዳጅ መስመር ይበቃል፣ አጽዳው እንጂ አትነካካው ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ግሎ በአንድ ዳገት ያልቅለታል፣ ቶሎ ትልቅ ፖምፓ አስገባ ይላሉ። ከሁለት ወሬ የሚያስፈራውን ነው ሁልጊዜ የማምነው። የሞተሩን ማለቅ ሳይሆን የማየው እህቴን ነበር፤ በቬሎ፣ በኋላ ወንበር፣ ዳገቱ ላይ፣ ያ የጭነት መኪና ከኋላ።

አጋሮ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን ሞተር ሲጠግኑ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት፤ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ መኪና ይሠራሉ። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መኪናዋን ወሰድኩላቸው። ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ቆዩ፣ ሞተሩን አዳመጡ፣ ከቤንዚን ማጣሪያው ትንሽ ወደ ብርጭቆ ገልብጠው ወደ ፀሐይ አነሱት። ታች ውሃና ደለል ተኝቷል።

"ኢላ፣ ልጄ፣ እየው" አሉኝ። "ይሄን ነው የምታጠጣት። ከየት ቀዳህ?"

አፈርኩ። ማደያው ሰልፍ ስለነበር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ነበር የቀዳሁት።

"በቃ ሌላ ነገር የለባትም። ፊልትሮውን እንቀይር፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ ሰልባትዮውን፣ እንጠብ፣ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ላጽዳልህ። ፖምፓዋ ጤነኛ ናት፤ ለካሁት። ፋብሪካው ያደረገውን አንንካው፤ ረኮን ሂንጂሩ።" ችግር የለም ማለታቸው ነው።

እዚያ ላይ እሺ ብል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ያነበብኩትን አነብላቸው ጀመር። አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ እንዲህ ይሆናል፣ ሙቀቱ እንዲህ ያደርጋል አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ትልቅ ፖምፓ ይግባላት ነው የምትለው?"

"እህቴን ነው የምጭንባት፣ ጋሼ። ዳገቱ ላይ ብትቆምብኝስ? እርስዎ ቢሆኑ ያስችልዎታል?"

"ወላሂ፣ እኔ ብሆን አልነካትም። ግን የምትነዳው አንተ ነህ። ፈርተህ ከምትነዳ ይግባልህ።" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ትልቁ ፖምፓ ከገባ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከሞተሩ በላይ ያለው ቱቦም አርጅቷል፣ አይችለውም። የቤንዚን ቱቦ አምጣ።"

ፖምፓውን ከአዲስ አበባ እስካስመጣ ከሳምንት በላይ አለፈና ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት አጋሮ ተመለስኩ። ቱቦውን የገዛሁት እዚያው አጋሮ ነው። ሱቁ ቡና ያቆመው ሱቅ ነው፤ የመፈልፈያ ሞተር ማዞሪያ ቺንጋ፣ ብሎን፣ የውሃ መሳቢያ ጎማ፣ ሁሉም ከቡና ማጠቢያ ጋር የተያያዘ። ቀጭን የቤንዚን ቱቦ አንድ ጥቅልል ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሳየው ጣቴን አያክልም፣ የሚበጠስ መሰለኝ። አጠገቡ ወፍራም፣ ጥቁር፣ በክር የተጠናከረ ቱቦ አለ። ሻጩ የዚያን ጫፍ እያጎበጠ አሳየኝ።

"ይሄ ጣቢያዎቹ ላይ ነው የሚገባው። ናፍጣም ውሃም ይስባል፣ ሌት ተቀን። እዚህ አገር ሦስት የቡና ወቅት የቆየ ነገር ምን ይበግረዋል?"

እኔም እዚህ አገር ነው ያደግኩት። የቡናን ወቅት የቻለ ዕቃ፣ የቡናን ወቅት የቻለ ጫማ፣ የቡናን ወቅት የቻለ ሹፌር ሲባል እየሰማሁ። ከዚያ በላይ ምስክር አልጠይቅም። ደግሞ ፈሪ ሰው ወፍራሙን ነው የሚገዛ። ናፍጣን የቻለ ጎማ ሁሉ ቤንዚንን እንደማይችል ቤተ ሙከራ ውስጥ ለስንት ተማሪ ነግሬያለሁ መሰላችሁ? ያን ቀን አንዱም ትዝ አላለኝም። ውፍረቱን ብቻ አየሁ።

ሽማግሌው ቱቦውን ተቀብለው ገለበጡት። "ለቤንዚን የሚሆን ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"እንግዲህ የኬሚካል ሰው አንተ ነህ" አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሲጨርሱ ሌላም አስቸገርኳቸው። ዳገቱ ላይ መብራት እንዳይቋረጥበት ፖምፓው በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ይያያዝልኝ፣ ቁልፍ ሲከፈት ሞተር ባይነሳም ይሥራ አልኩ። ቅር እያላቸው አያያዙት። ይህንንም ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

ያን ቀን ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ መኪናዋ ሌላ ሆነች። የቡን ቁልቁል ወርጄ አላመንኩም፤ አዙሬ ዳገቱን ወጣሁት። አንዴም ሳትንተፋተፍ ወሰደችኝ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ፍርሃት ለቆኝ ያደርኩት አንድ ሌሊት ቢኖር ያ ነው።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋ ባለችበት ጥላ ሥር ሳልፍ ሸተተኝ። ቆምኩ። ጠፋ። ዞሬ ስመጣ ደግሞ ሸተተኝ።

"እማዬ፣ ቤንዚን አይሸትሽም?"

እናቴ ለድግሱ ከጎረቤት የተዋሰችውን የጋዝ ምድጃ ትወለውል ነበር። "ይሄው ነው የሚሸትህ። ደግሞ ጀመረህ? እባክህ ልጄ፣ እስከ እሑድ እንኳ አሳርፈን።"

አጎንብሼ መሬቱን ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦውን ዳሰስኩት፣ እሱም ደረቅ ነው። አፈርኩ። ግን ከቱቦው የተረፈች እጅ የምታህል ቁራጭ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበረች። ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራ ሄድኩ፣ ቤንዚን የያዘ ብልቃጥ ውስጥ ነከርኳትና ክዳኑን ገጥሜ የአየር ማውጫው ሥር አስቀመጥኳት። ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ድንኳን ስተክል፣ ወንበር ስቆጥር፣ ቅቤ ሳመላልስ ዋልኩ። ብልቃጧ ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

እሑድ ጠዋት ሁለት የሙሽራው ጓደኞች መኪናዋን ሊያስጌጡ በማለዳ መጡ። ቁልፉን ሰጠኋቸው፣ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ኮሌጁ ከነፍኩ። ዘበኛው "በእህትህ ሠርግ ቀን ምን ልትሠራ መጣህ?" አለኝ። የረሳሁት ነገር አለ አልኩት።

ቤንዚኑ ጠቁሯል። ቁራጯን በመቆንጠጫ አወጣኋት። አብጣለች፤ የገባችበት አፍ ጠቧት በግድ ነው የወጣችው። በጥፍሬ ስጫናት እንደ ራሰ ዳቦ ገባችልኝና የጥፍሬ ቅርጽ ላይዋ ላይ ቀረ። ክሩ ከጎማው ተላቋል። የተማሪዎች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ ሊያስፈራ የሚችል ነገር አልነበረም ብዬ ነበር። ግን ተነስቼ እየሮጥኩ ሳለ ሁለተኛው ሐሳብ መጣ፤ ቁልፉን ሰጥቻቸዋለሁ።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩ፣ አታነሳም፤ ፀጉሯን እየሠሯት ነው። ለእናቴ ደወልኩ፣ አታነሳም። የቤታችን መታጠፊያ ላይ ስደርስ የሠርግ ዘፈን ተቀበለኝ። ቅርብ ነው፣ ከፍ ብሏል፣ ከድንኳኑ የመጣ አልመሰለኝም። ከመኪናዋ ቴፕ ነበር።

በሩን አልፌ ስገባ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። መኪናዋን ከጥላው አውጥተው ከድንኳኑ ጎን አቁመዋታል። ኮፈኗ በነጭ ሪባንና በአበባ ተሸፍኗል። ሁለቱም በሮች ተከፍተው፣ ዘፈኑ እየጮኸ፣ ከሙሽራው ጓደኞች አንዱ ሹፌር ቦታ ተቀምጦ በጣቶቹ መሪውን ይመታል። ከመኪናዋ ጀርባ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ሴቶቹ በሦስት ጉልቻ ወጥ ጥደው እሳቱ ይንቦገቦጋል። ዘፈኑ ለአፍታ ጋብ ሲል ከኋላ ወንበሩ ሥር የፖምፓውን ሲርታ ሰማሁ። ቁልፉ ተከፍቷል። ያ ትልቅ ፖምፓ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ባለው ግፊት ቤንዚኑን ወደዚያ ቱቦ ይገፋል።

"ዝጋው! ቁልፉን ዝጋው!" ብዬ ጮህኩ።

"ብሮ፣ ሪላክስ፣ ሙድ እየያዝን እኮ ነው" አለኝ ልጁ። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ክፋት የሌለው ልጅ ነው። በላዩ ላይ ተዘርግቼ ቁልፉን ነቀልኩት። ዘፈኑ ተቆረጠ፣ ሲርታውም ተቆረጠ፣ ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እሳቱን አጥፉ" አልኩ። ወደ ጉልቻው ጠቆምኩ። "እሳቱን! ውሃ ድፉበት!"

"ወጡስ?" አለች አንዷ።

አጎቴ ከድንኳኑ ወጣ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከረባቱን አስተካክሏል። "ምን ሆነሃል አንተ? ዛሬም?" አለኝ። ያቺ 'ዛሬም' ሕይወቴን ሙሉ የፈራሁትን ሁሉ ሰብስባ ፊቴ ላይ ደፋችብኝ። አውቶቡሱ፣ ሲሊንደሩ፣ መውጫ በሩ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ያበጠችውን ቁራጭ አሳየሁት። ገልብጦ አያትና "ጎማ ነው፤ ታዲያ?" አለ። "አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሙሽራው ይደርሳል። በሰው ሠርግ ላይ ሟርትህን ተው። ፈራህ እንደሆን ቁልፉን ስጥ፣ ሌላ ሰው ይንዳት።"

የሚነዳ ሞልቷል። በአርባ የማይነዳ።

"መኪናዋ አትሄድም" አልኩ። "ቱቦውን የገዛሁት እኔ ነኝ። መካኒኩ አትንካት ብለውኝ ነበር። ይሆናል ብዬ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ። አትሄድም።" ቁልፉን ጨብጬ እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ፣ እንደ ሕፃን። ዕንባዬ መጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማልቀሴ አላሳፈረኝም፤ እሳቱ አለመጥፋቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

እህቴ በረንዳው ላይ ወጣች። ቬሎዋን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ በክሊፕ ተይዟል። ጨርቁን በሁለት እጇ ሰብስባ በደረጃው ወረደች። ማንንም ሳታናግር ቁራጯን ከአጎቴ እጅ ወሰደችና በአውራ ጣቷ ጫነቻት። ጣቷ ገባ።

"ይሄ ነው ሞተሩ ላይ ያለው?"

"ይሄው ነው።"

"ዳገቱ ላይ ይበጠስ ነበር?"

"አላውቅም። ወይ ዳገቱ ላይ፣ ወይ እዚሁ።"

የኋላውን ወንበር አየች፣ ቀጥላ በሩን፣ ቀጥላ እኔን። የዚያን ቀን፣ ዳገቱ አናት ላይ እንዳየችው።

"በየት በኩል ነው የምወጣው እያልኩ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ። ይሄን ሁሉ ጨርቅ ይዤ፣ አንተ ወርደህ፣ ወንበሩን አጥፈህ። ሌሊት ሌሊት እቆጥረዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እጅህን ጭንህ ሥር ስትደብቅ አይቼ። ሁለታችንም ከፈራን ማን ይነዳል ብዬ።"

ቀጥላ ወደ ሴቶቹ ዞራ "ማሎ፣ እባካችሁ፣ እሳቱን አጥፉልኝ፣ ወጡ ይደርሳል" አለች። ለእኔ ያልጠፋው እሳት በእሷ ቃል ጠፋ፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ተደፋበትና ግቢው በእንፋሎትና በአመድ ተሞላ። የቬሎዋ ጫፍ ላይ አመድ አረፈ። አራገፈችው።

መኪናዋን ሞተር ሳናስነሳ በእጅ ገፍተን አወጣናት። አጎቴም ኮቱን አውልቆ ገፋ፤ እያጉረመረመ ቢሆንም ገፋ። ከቤታችን ወረድ ብሎ ባዶ ሜዳ አለ፤ እዚያ ብቻዋን አቆምናት። ሙሽራው ሲደርስ አጃቢዎቹን ከጫነው ነጭ ሚኒባስ ላይ ሰዎቹን አውርደው ሙሽሮቹን አስገቡ። ከሪባኑ የተረፈውን መስታወቱ ላይ አሰሩ። ያቺ ሚኒባስ ባለ ተንሸራታች በር ናት፤ በሩ ሲከፈት ሰፊ መሆኑን አየሁ። እኔ አልሄድኩም። መኪናዋን ማንም ሲጋራ ይዞ እንዳይጠጋት መጠበቅ ነበረብኝ፣ እሱን ለሌላ ሰው አምኜ አልሰጥም።

ጥሩምባው ርቆ ሲጠፋ ሪባኑን በጥርሴና በጣቴ ፈትቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቱቦው ከማሰሪያው አጠገብ እንደ ጉንጭ ተነፍቷል። ማሰሪያው ጎማውን በልቶ ገብቷል፣ ከሥሩ ቤንዚን እየተንጠባጠበ የሞተሩን ክዳን አርሶታል፤ ከጭስ ማውጫው ብረት በላይ ያለው ሁሉ ያብለጨልጫል። የሪባኑ ጫፍም በቤንዚን ረጥቧል። ልጁ ዘፈኑን ሌላ ሩብ ሰዓት አዳምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩን ላሙቀው ብሎ አስነስቶ ቢሆን ኖሮ። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

በኋላ ሽማግሌው መካኒክ ጅማ ድረስ መጥተው ሁሉን ነገር ፈቱት። አንድም አልወቀሱኝም፤ እሱ ይብስ ነበር። የፋብሪካውን ፖምፓ መለሱ፣ ፊልትሮ ቀየሩ፣ ሰልባትዮውን አጠቡ፣ ቱቦውን ራሳቸው ገዝተው አስገቡ። ዛሬ የየቡን ዳገት ያለ ችግር ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ያንን ብቻ ነበር።

ያን እሑድ ግን ሜዳው ላይ ቆሜ ሰዓት እቆጥር ነበር። አሁን ከከተማ ወጡ። አሁን የቡ ደረሱ። አሁን ዳገቱ ላይ ናቸው። ሚኒባሷም ሞተር አላት፣ እሷም ቱቦ አላት፣ ፍሬኗን ማን አየው? ፀሐዩ አናቴ ላይ ነበር፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። የወለድኩትን ልጅ በሞት ያጣሁ ያህል ነበር የሚያደርገኝ፣ ምንም ሳይሆን።

ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ናት። ከኋላዋ ጭብጨባና እልልታ ይሰማል፣ እሷ ግን አፏን ወደ ስልኩ አስጠግታ ነው የምታወራው።

"ዳገቱን አልፈናል" አለችኝ። "ቆመሃል አይደል? በቃ አሁን ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ።